ጨው በር ሰፈር «ውረድ» የማይባለው ለምንድን ነው

ሳቁ ገና አልወጣልንም፤ መቼም አይወጣልንም፣ ምክንያቱም ኮምቦልቻ ውስጥ ወደ ጨው በር ሰፈር በሚሄደው ሚኒባስ ላይ አዲስ ረዳት በተቀጠረ ቁጥር ያው ጉድ እንደ አዲስ ይጀመራል። ተሳፋሪው ቤቱ አጠገብ ሲደርስ እንደ ሌላው አገር ሰው «ወራጅ አለ» አይልም። «ተመላሽ አለ» ነው የሚለው። ረዳቱ ግራ ገብቶት «ታዲያ ተመላሽ ከሆንክ ምን አሳፈረህ?» ይላል፤ አንዳንዱ ደግሞ የገንዘብ መልስ የተጠየቀ መስሎት ዝርዝር የለኝም ብሎ ይቆጣል፤ መኪናው በሳቅ ሲናወጥ ሰውየው ሰፈሩ አልፎት እስከ ወንዙ ድረስ ይሄዳል።

አንድ ጊዜማ ከደሴ የመጣች ሙሽራ ከመኪና እግሯን ስታወጣ፣ በር ላይ የቆሙት የሰፈሩ አዛውንት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ሙሽራይቱ ተመልሳለች፣ እልል በሉ» አሉ። የሙሽራይቱ አጎት ይህን ሲሰሙ ደማቸው ፈላ፤ ምን ጎድሎባት ነው የምትመለሰው፣ ማንስ ምን ብሏት ነው፣ ይሄ ሁሉ ሴትስ የልጃችንን መመለስ በእልልታ የሚቀበለው በምን ንቀት ነው ብለው ከዘራቸውን አነሡ። ነገሩን እስኪያስረዷቸው ድረስ ወጡ ቀዘቀዘ፣ ሙሽራውም በላብ ተጠመቀ።

ጨው በር ሰፈር ዘይቱን ዛፍ ላይ የወጣ ልጅ «ተመለስ» ነው የሚባለው። ጣሪያ የሚጠግን ሰው ሲመሽበት «በቃህ፣ ተመለስ» ይባላል። የሽንኩርት ዋጋ እንኳ ሲቀንስ ዋጋው ተመለሰ ይባላል እንጂ ሌላውን ቃል የሚያወጣ የለም፤ የሚያወጣ እንግዳ ቢኖርም ማንም አይቆጣውም፣ ግን ትልልቆቹ ሴቶች ወሬያቸውን አቋርጠው ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ይስባሉ። ያ ከቁጣ ይከብዳል።

እንግዲህ ሳቁን እዚህ እናቁምና ወደ ነገሩ እንግባ። የነገሩ ምርጡ መጨረሻው ላይ ነው፤ ሰፈሩ ውስጥ ሲነገርም ሁልጊዜ ለመጨረሻ ነው የሚቆየው፣ ስለዚህ አንባቢም እንደ ሰፈሩ ልጆች መታገሥ አለበት።

ሽማግሌዎቹ እንደሚሉት የሰፈሩ ስም ከኮምቦልቻ አፈር የወጣ አይደለም። ኮምቦልቻ ባሕር የላት፣ የጨው ማሳ የላት፤ የጨው በር ስም ከየት ይመጣል? ስሙን ያመጡት ከአሰብ ወዲያ ትንሽ ራቅ ብላ፣ ቀይ ባሕር ዳር ከነበረች ጨው በር ከምትባል መንደር የተነሡ ሰዎች ናቸው። ዘመን ሲገለባበጥ ቤታቸውን ትተው በጭነት መኪና ሽቅብ ሲመጡ፣ አንዱ ድስት፣ አንዱ ፍራሽ፣ አንዷም የልብስ ስፌት መኪናዋን አቅፋ ሲመጡ፣ የመንደራቸውን ስምና ይህቺን አነጋገር አብረው አመጡ። እነሱ ዛሬ አርጅተዋል፣ ብዙዎቹም የሉም። አነጋገሩ ግን አለ።

ያቺ የባሕር ዳሯ ጨው በር፣ እንደሚነገረው፣ ፀሐይዋ ድንጋይ የምታፈላ መንደር ነበረች። የባሕሩን ውኃ ወደ ሰፋፊ ማሳ ያስገቡታል፣ ፀሐይ ትጠጣውና ጨዉ ነጭ ሆኖ ይቀራል፣ ከዚያ በአካፋ እየዛቁ፣ በጋሪ እየገፉ ወደ ባሕሩ ይወስዱታል። ወደ ባሕሩ ውስጥ ገባ ያለ ረጅም የእንጨት ድልድይ ነበር። ከድልድዩ ጫፍ ላይ ደግሞ ድሮ ጣሊያን ለጨው መጫኛ ያቆመው፣ ዝገት የበላው የብረት ማማ ይቆማል። ማማው በጣም ከፍ ያለ ነበር፤ ከሥሩ ሆኖ ጫፉን ያየ ሰው ባርኔጣው ይወድቅበታል ይባላል። የዚህ ታሪክ ባለቤት ከዚያ ጫፍ ላይ ነበር ወደ ባሕሩ የሚዘለው።

ስሙ ዘርጋው ነው። የወሎ ሰው ነው፣ የሐይቅ ልጅ፤ እናቱ እመት የሻረግ እዚያው ሐይቁ ዳር ባል ሞቶባት አንድ እሱን ብቻ ያሳደገች ሴት ነበረች፣ እሱም ከመራመዱ ዋናው ይቀድማል እየተባለ ያደገ ነው። በሺህ ዘጠኝ መቶ አርባዎቹ ዓመታት ሥራ ፍለጋ ወደ ባሕሩ ዳር መጣና ጨው ዛቂ ሆነ። ቀጭን ነው፣ ክንዱ ከሰውነቱ ጋር የማይመጣጠን ረጅም ነው፤ ጨዉ እግሩን ልጦታል፣ ፀሐዩ ከንፈሩን ሰንጥቆታል፣ ሳቁ ግን ከድልድዩ እስከ ገበያው ይሰማል። ዓሞራው ይሉት ነበር። እሑድ እሑድ ሥራ ሲዘጋ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ዓሣ አጥማጁ አፋርም፣ ከየመን ማዶ የመጣው ባለሱቅም ድልድዩ ላይ ይሰበሰባል፤ ባሕሩ ሲሞላ ዘርጋው ማማው ላይ ይወጣል።

እንግዲህ ለታሪኩ የሚያስፈልገው ይሄ ነው፣ ልብ ይባል። ዘርጋው ዝም ብሎ አይዘልም። ጫፉ ላይ ቆሞ ሁለት እጁን አፉ ላይ ያደርግና ወደ ታች «ልውረድ?» ብሎ ይጣራል። ሕዝቡ በአንድ አፍ «ውረድ!» ይለዋል። ያኔ ክንዱን እንደ ስሙ ይዘረጋና ይወርዳል። ላዩ ላይ ነፋሱ ብርቱ ስለሆነ ከዚያች አንድ አጭር ቃል በቀር ምንም አይሰማውም ነበር ይባላል። ካልተባለ ደግሞ ሞቶ አይዘልም። አንድ እሑድ ጓደኞቹ ለቀልድ ተማክረው አፋቸውን ዘጉበት፤ እሱ ይጣራል፣ እነሱ ሰማይ ሰማይ ያያሉ፤ ፀሐዩ አናቱን ሲጠብሰው፣ ሆዱም ሲጮህ፣ ተስፋ ቆርጦ በመሰላሉ ወረደ። ሳምንቱን ሙሉ ከማንም ጋር አልተነጋገረም። ሳትፈቅዱልኝ ብዘል ምን ክብር አለው፣ እናንተ ላካችሁኝ ብዬ ነው እንጂ ባሕሩማ ያው ውኃ ነው፣ አለ ይባላል።

ሚስቱ እልፍነሽ ግን አንድም እሑድ ድልድዩ ላይ ታይታ አታውቅም። እልፍነሽ ለጨው ሠራተኞች ዓሣ እየጠበሰች የምትሸጥ፣ አጭር፣ ክብ ፊት፣ ቁጡ የምትመስል ግን እንባዋ ቅርብ የሆነ ሴት ነበረች። ከዘርጋው ጋር የተጋቡት በፍቅር ነው፤ ዝላዩ ግን ያስፈራታል። እሑድ ሲመጣ በሯን ትዘጋና በርበሬ ሙቀጫ ውስጥ ጨምራ መውቀጥ ትጀምራለች። የሕዝቡ ድምፅ እንዳይሰማት ነው። ባሕሩ ሲሞላ የእልፍነሽ ዘነዘና መንደሩን ያናውጠዋል፤ ጎረቤቶቿ በየሳምንቱ የተወቀጠ በርበሬ የሚያገኙት በዘርጋው ዝላይ ነው እየተባለ ይሳቅ ነበር። ዘርጋው እርጥብ ፀጉሩን እያራገፈ ሲገባ ዘነዘናው ይቆማል። ዛሬም ይሄን ሁሉ በርበሬ ፈጀሽ ወይ ይላታል። አንተ ነህ ያስፈጀኸኝ ትለዋለች።

አንድ ቀን ታዲያ ዓሣ እያቀረበችለት፣ «አንድ እሑድ መጥተሽ አንቺው ራስሽ ውረድ በይኝ» አላት። «የዚያን ቀን የምወርደውን አወራረድ ዓሣው ሁሉ ያወራዋል።»

«አፌ ይሄን ቃል አያወጣም» አለችው፤ «ይልቅ እሾሁን እያየህ ብላ።»

ይህቺን ነገር በየጊዜው ያነሣባታል፣ እሷም በየጊዜው ያንኑ ትመልስለታለች። ኋላ እልፍነሽ አረገዘች። ተወው እንግዲህ፣ አባት ልትሆን ነው ብትለው፣ ልጁ ዋና እስኪችል ድረስ ነው፣ ከዚያ በኋላ እሱ ይዘላል እኔ አጨበጭባለሁ አላት። እሷ ግን አልሳቀችም። ሌሊት ሌሊት ክንዱን ይዛ ትተኛ ጀመር ይባላል።

ከዕለታት በአንዱ እሑድ ከሩቅ የመጣ አንድ መርከብ ከመንደሩ ፊት ለፊት ቆሞ ነበር። በመርከቡ ላይ የነበሩ እንግዶች የዓሞራውን ወሬ ሰምተው ሊያዩት በጀልባ ይመጣሉ ተባለ። ዘርጋው ባሕሩ ጢም ብሎ ሲሞላ ማማው ላይ ወጣ። እንግዶቹ ዘገዩ። ሕዝቡ ይጠብቃል፣ እሱም ጫፉ ላይ ተቀምጦ እግሩን እያወዛወዘ ይጠብቃል፣ ከታች ያሉት ጓደኞቹ እንቁላል ልትጥል ነው ወይ እያሉ ይተርቡታል። እንዲህ ሲባባሉ ባሕሩ ለማንም ሳይናገር መጉደል ጀመረ። የእንግዶቹ ጀልባ ሲደርስ ባሕሩ ርቆ ሄዶ ነበር፤ ከላይ ለሚያይ ሰው ግን ፀሐዩ ውኃው ላይ ስለሚያንጸባርቅ ሙሉ መስሎ ይታያል።

ይህንን መጀመሪያ ያዩት ባሻ ወልደየስ የሚባሉ የእድሩ ዳኛ ናቸው ይባላል። የድልድዩን እግሮች ሲያዩ ሁልጊዜ ውኃ ውስጥ የሚውለው ክፍል ጠቁሮ፣ ዛጎል ለብሶ፣ እየተንጠባጠበ ወጥቷል። ባሻ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ለሕዝቡ ተናገሩ። እንዳትዘል ብለን ብንጮህ በነፋሱ አይሰማንም፤ ከሰማም እንግዶች ፊት ነውና እልኸኛ ነው፣ ይዘላል። ቃሏን ካላገኘ ግን በራሱ ጊዜ በመሰላሉ ይመጣል። ስለዚህ የአንድም ሰው ትንፋሽ እንዳይሰማ፣ አሉ። እናቶች የልጆቻቸውን አፍ በእጃቸው ያዙ። ለእንግዶቹም በምልክት ነገሯቸው። ያ ሁሉ ሰው ድልድዩ ላይ እንደ ተተከለ እንጨት ጸጥ አለ።

ዘርጋው ተነሥቶ ቆመና «ልውረድ?» አለ። ዝም። ደግሞ «ልውረድ?» አለ። ዝም። ያን ጊዜ የድሮው ቀልድ የመጣበት መስሎት ሳቀ፣ በእጁ ወደ ታች እንደ መዛት አደረገ፣ ከዚያም ዘወር ብሎ የመሰላሉን ብረት ያዘ። ባሻ ወልደየስ በልባቸው ተመስገን ማለት ጀምረው ነበር።

እልፍነሽስ? እልፍነሽ ቤቷ በርበሬዋን እየወቀጠች ነበር። አንዲት ጎረቤቷ ከድልድዩ ሮጣ መጥታ በሩን በርግዳ ባሕሩ ጎድሏል፣ እሱም ላይ ነው አለቻት። ሌላ አልነገረቻትም፤ ለመናገርም ጊዜ አልነበራትም፣ እልፍነሽ ዘነዘናውን ጥላ ወጥታለች። ሆዷን በአንድ እጇ ይዛ፣ በሚያቃጥለው ጨው ላይ እየሮጠች ድልድዩ አፍ ላይ ደረሰች። ቀና ስትል ያየችው ማማው ጫፍ ላይ ያለ ባሏን ነው። ሕዝቡ ለምን ዝም እንዳለ አላወቀችም። እሑድ አንድ ቀን እንኳ እዚያ ቆማ ስለማታውቅ፣ ያቺ ቃል እዚያ ቦታ ላይ ምን እንደምትሠራ በጆሮዋ ሰምታ አታውቅም። የምታውቀው ቃሉን ቤቷ ውስጥ፣ ዛፍ ላይ ለወጣ ልጅ፣ ጣሪያ ላይ ለወጣ ሰው፣ ማንም እናት እንደምትለው ነው።

«ዘርጋው፣ ውረድ!» አለች።

አፏን ሊይዙ የዘረጉት እጆች አልደረሱም። ድምፅዋ በዚያ ጸጥታ ውስጥ ሄደ፣ ነፋሱንም አለፈው። ዘርጋው መሰላሉን ለቀቀ። ዘወር ብሎ ድልድዩ አፍ ላይ አያት። ከታች የነበሩት ሁሉ አይተናል የሚሉት አንድ ነገር ነው፤ ፊቱ በራ። ስንት ጊዜ የለመናት ነገር መሆኑን ያወቁት ኋላ ነው። ጫፉ ላይ ቆመ፣ ክንዱን ዘረጋ፣ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ያለ አወራረድ አልታየም ይባላል።

ባሕሩ ጎድሎ ነበር። ሽማግሌዎቹ ከዚህ በላይ አይናገሩም፤ እኛም አንጨምርም።

ቀበሩት። በማግስቱ ንጋት ላይ ጨው የጫነ መኪና የሚነዳ ምትኩ የሚባል ሾፌር ወደ ወሎ መሄጃው ስለነበር፣ ሐይቅ ደርሶ ለዘመዶቹ እንዲነግር፣ እናቲቱንም ይዞ እንዲመጣ ተላከ። እልፍነሽ ድንኳን ውስጥ አመድ መስላ ተቀምጣ ነበር። አላለቀሰችም። ሰው ሊያጽናናት ሲጠጋት የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ እኔ ነኝ ያወረድኩት። ኋላ ላይ ለጎረቤቷ ሌላ ነገር ነገረቻት። እናቱ መጥታ ይህንን ስትሰማ ትረግመኛለች፣ እኔንስ ትርገመኝ፣ ሆዴ ውስጥ ያለውን ግን አብራ ትረግማለች፤ ባትረግምም ከወለድኩ በኋላ አባቱን የገደለች እናት አታሳድገውም ብላ ወደ አገሯ ትወስደዋለች፣ ሽማግሌውም ይፈርድላታል፣ አለቻት። ጎረቤቷም ፈርታ ለባሻ ወልደየስ ነገረች።

ባሻ ሦስተኛው ቀን ላይ መንደሩን ሰበሰቡ። ክርስቲያኑም እስላሙም ወጣ። እንደሚነገረው ያን ዕለት ባሻ ብዙ አልተናገሩም። ይህቺ ልጅ ያለችውን ሁላችንም ሰምተናል፣ ምን ማለቷ እንደሆነም ሁላችንም እናውቃለን፤ ሐዘንተኛ እናት ግን ከሩቅ መጥታ ቃሉን ብቻ ትሰማለች እንጂ ልቧን አታይም፣ ስለዚህ እልፍነሽ ያለችው «ተመለስ» ነው፣ አሉ። አንዳንዱ ሰው ውሸት ነው ብሎ አጉረመረመ። ባሻም ነውረኛው እኔ ልሁን፣ ኃጢአቱም በእኔ ይሁን አሉና ሁሉም በየእምነቱ ማለ። ከዚያ ባሻ አንድ ነገር ጨመሩ። ምላስ የለመደውን ነው የሚያወጣው፤ ቤታችን ስንለው ከዋልን እሷ ፊት ያመልጠናል፣ ይቺ ቃል ከዛሬ ጀምሮ ከዚህ መንደር ትውጣ፣ አሉ።

ወጣች። ግን እንዴት ያለ መከራ ነበር! ሰው በየቀኑ ስንት ጊዜ ውረድ እንደሚል ያወቀው ያኔ ነው። ጨው ጫኞቹ ከጋሪ ላይ ተመለስ፣ ጀልባ ላይ ያለው ወደ ምድር ተመለስ፣ አህያ ላይ ያለው ተመለስ ሲባባሉ፣ ግማሹ ሰው ይወርዳል፣ ግማሹ ከመጣበት ይመለሳል፤ አንድ ጋሪ ሙሉ ጨው ይዞ ከድልድዩ እስከ ማሳው የተመለሰ ሰው ነበር ይባላል። እልፍነሽ የተባለውን ሰማች። እሺም እንቢም አላለችም።

እመት የሻረግ በምትኩ መኪና ደረሰች። ረጅም፣ ቀጥ ያለች፣ ፀጉሯን በሐዘን የተላጨች፣ ነጠላዋን ያዘቀዘቀች ሴት ናት። መንደሩ ሁሉ ተሰልፎ ቆሟል። እንድትወርድ እጁን የሰጣት ጎረምሳ «እማማ፣ ቀስ ብለው ይው» ብሎ ጀመረና ሲሳል ቆይቶ «ይመለሱ» አላት። እመት የሻረግ ከላይ ሆና አየችውና «አሁን ገና መምጣቴ አይደለም ወይ፣ ልጄ?» አለችው። ጎረምሳው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አለ። ሰውም አፈረ። እሷ ግን እጁን ይዛ ወረደች፣ ከዚያ በኋላ ነው ጩኸቱ የተነሣው።

አስለቃሿ ተነሣች። ይህቺ ሴት ከእመት የሻረግ መምጣት በፊት የገጠመችው ሙሾ ነበራት፣ ቃሏም ያቺው የተከለከለችው ናት። ደረቷን እየደቃች ስትገባ ረስታው ጀመረች፣ ጫፏ ላይ ደርሳ ትዝ አላት፤ አስለቃሿ ግን ለዚህ የተፈጠረች ናት፣ ቃሏን አፏ ውስጥ እንዳለች ጠመዘዘቻት።

«ክንፍህን ዘርግተህ ሰማይ ለሰማይ፣
ውይ፣ ተመለስ ስትልህ አልሰማህም ወይ?»

ያቺ ሙሾ ዛሬም ኮምቦልቻ ለቅሶ ላይ ትባላለች፤ ያቺ «ውይ» ለምን እንደገባች ግን የሚያውቅ ጥቂት ነው።

እመት የሻረግ ከእልፍነሽ አጠገብ ተቀመጠች። ቀናት አለፉ፣ ምንም አልጠየቀቻትም። አንድ ላይ ይበላሉ፣ አንድ ላይ ያለቅሳሉ፣ እልፍነሽ ግን ቀና ብላ አታያትም። አንድ ቀን ለቅሶ ደራሹ በተሰበሰበበት እመት የሻረግ ፊቷን ወደ እሷ አዞረችና «ለመጨረሻ ጊዜ ምን አልሽው?» አለቻት። እልፍነሽ ከንፈሯ ተላቀቀ። ድምፅ ከመውጣቱ በፊት ድንኳኑ በሙሉ፣ ወንዱም ሴቱም፣ በር ላይ የቆመው ዓሣ አጥማጅ ጭምር፣ «ተመለስ ነው ያለችው» አለ። በአንድ አፍ ነው ያለው፣ ልክ በእሑዶቹ እንደሚለው። እመት የሻረግ ሁሉንም አንድ በአንድ አየቻቸው።

«ጥሩ ቃል ነው» አለችና ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

እመት የሻረግ ከተዝካሩ በኋላ ትሄዳለች ሲባል ቆየች። ልጁ እስኪወለድ ነው አለች። ለመንደሩ ይሄ ጭንቅ ሆነ፤ እስከ ተዝካሩ የያዙትን ምላስ ለወራት ሊይዙ ነው። አንድ ቀን የጎረቤት ፍየል እልፍነሽ ቤት ጣሪያ ላይ ወጣች። ሴቶቹ ወጥተው ፍየሏን ተመለሽ፣ አንቺ፣ ተመለሽ እያሉ ሲለምኗት፣ አንዱ ሰውዬም ድንጋይ ይዞ ትመለሻለሽ አትመለሽም እያለ ሲዝትባት፣ ፍየሏ ወዴት እንደምትመለስ አጥታ ከላይ ሆና ታያቸዋለች። እመት የሻረግ በር ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ነጠላዋን አፏ ላይ ጭና ትከሻዋ ሲርገፈገፍ ሴቶቹ አዩና ልጇ ትዝ ብሏት ነው ብለው እነሱም አለቀሱ።

ልጅ ተወለደች፣ ሴት ናት። እመት የሻረግ አቅፋት ወደ ደጅ አወጣቻትና መንደሩን አሳየቻት፣ ሰዋገኘሁ ብላም ስም አወጣችላት። እልፍነሽ ይህን ስም ስትሰማ ይባስ ተጨነቀች። በውሸት የተገኘ ሰው ነው ብላ ታስባለች። አማቷ ሌሊት ሕፃኗን ስትታቀፍላት፣ ጠዋት ገንፎ ስታጎርሳት፣ ልጄ ብላ ስትጠራት፣ እያንዳንዷ ደግነት እንደ እሳት ትፈጃታለች። ልንገራት ትልና የሕፃኗን ፊት አይታ ትውጠዋለች። እንዲህ እየዋጠች ሰዋገኘሁ ዳዴ አለች፣ ቆመች፣ ሄደች።

ያን ጊዜ እመት የሻረግ አገሬ ልግባ አለች። ቤቷም መሬቷም ሐይቅ ነው፣ ለእልፍነሽም ልጅሽን በደንብ አሳድጊ እንጂ ልወስዳት አልመጣሁም ብላ ነበር። የምትሄደው በዚያው በምትኩ መኪና ነው።

ዛሬ ሰው የሚጠይቀው ነገር አለ። እናቲቱ ከሄደች በኋላ መንደሩ ለምን ወደ ድሮ ቃሉ አልተመለሰም? የሚያፍሩባት ሴት ሄዳለች፣ መሐላውም አብሮ አበቃ፤ ታዲያ ከባሕሩ ተነሥተው ኮምቦልቻ ሲገቡ፣ ማማ በሌለበት፣ ባሕር በሌለበት፣ የልጅ ልጆቻቸው ሚኒባስ ላይ ተመላሽ አለ የሚሉት ለምንድን ነው? አንዳንዱ ልማድ ሆኖ ነው ይላል። አንዳንዱ ሙታንን መፍራት ነው ይላል፤ ቃሉን የጠራ ሰው ዘርጋውን ይጠራዋል የሚሉም አሉ። ያን ዕለት መኪናው አጠገብ የቆሙት ግን ይህ ሁሉ ወሬ ነው፣ ምክንያቱ እሷ የተናገረችው ነው ይላሉ። የተጠበቀውም ምርጡ ይሄው ነው።

መንደሩ ሊሸኝ ወጥቷል። ባሻ ወልደየስ አሉ፣ አስለቃሿም አለች። እመት የሻረግ ሁሉንም ስማ ተሰናብታ የመኪናውን ደረጃ ረግጣ ቆመች፤ ምትኩ መሪውን ይዞ ወደ ፊት ወደ ፊት ያያል። ያኔ እልፍነሽ ልጇን ለጎረቤቷ ሰጥታ ወደ መኪናው ሄደች። ባሻ ነገሩ ገብቷቸው ሊይዟት ቢሞክሩ አልፋቸው ሄደች፣ የአማቷንም እግር ያዘች።

«እማማ፣ ተመለስ አላልኩትም» አለች። «ውረድ ነው ያልኩት። መሰላሉን ይዞ ነበር፤ ውረድ ብዬው ነው የለቀቀው። ይሄ ሁሉ ሰው ለእኔ ብሎ ነው የዋሸሽ።»

ያቺ ቃል በዚያ መንደር ስትሰማ ከስንት ጊዜ በኋላ ነበር። ባሻ ወልደየስ ባርኔጣቸውን አውልቀው ያዙ። እመት የሻረግ ከደረጃው ወረደች፣ ጎንበስ ብላ እልፍነሽን ከመሬት አነሣቻት፣ አቧራውን ከጉልበቷ አራገፈችላት፣ ከዚያ ቀና ብላ ሁሉም እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ እንዲህ አለች ይባላል፣

«ምትኩ ያኔ ስንመጣ፣ ገና ባቲ ሳለን ነግሮኛል፣ ልጄ። ውረድ ስትይው ተመለስ ማለትሽ አልነበረም ወይ? ታዲያ ይሄ ሁሉ ሰው ምኑን ዋሸኝ?»